ባዶው ጠርሙስ የት ይግባ?

ስሙኝማ የወንዝ ዳር ሰዎች! እናንተም ወንዙን በድልድይ ብቻ የምታውቁት መንገደኞች፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። የዛሬው ትረካ ከጣራ ገዳም ይነሣና ጣና ይገባል። የሚሄደውም በውሃ መንገድ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ፣ የሩዙን ሜዳ ሰንጥቆ አዲስ ዘመን ሲደርስ ደን የለበሰ ተራራ ያያል። ጣራ ገዳም እርሱ ነው። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሲራቆት ይህ ደን ወይራውን እንደያዘ የቆየው የገዳም በመሆኑ ነው፤ ሰው ፈርቶም አክብሮም ተወለት። ከደኑ በታች ሜዳው ወለል ብሎ ተዘርግቷል፦ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ፣ ከዚያ ወዲያ ጣና። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይወርዳሉ፤ ሜዳውን አቋርጠውም ሐይቁን ይቀላቀላሉ። በዚህ አገር ማሳ ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ መድረሻው ጣና ነው። ይህን ያዙልኝ።

ድሮ ሜዳው የከብት ነበር። ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲወጡ ሰው ወደ ጉብታው ይሸሻል፤ ውሃው ሲጎድል ለምለሙ ሣር ይቀራል፤ በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም ትጠግባለች። ከውሃው ጋር ግን ወባ ነበረ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው፣ እስከ 1951 መኸር የዘለቀው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ጣናን በሰሜን የሚያዋስነው ደምቢያ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር። አዝመራው የሚያጭደው አጥቶ ማሳ ላይ የቀረበት ዘመን ነው።

ዲዲቲም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። የወባ ማጥፊያ ሰዎች መርጫቸውን አዝለው ከመንደር መንደር ዞሩ፤ የጎጆውን ግድግዳ ረጩ፤ ትንኟ ግድግዳው ላይ አርፋ ሞተች። ማንም አልከለከላቸውም፤ መከልከልም አልነበረበትም፤ ሰው እያለቀ ነበርና። ዲዲቲ ያተረፈውን ሕይወት ሳላነሣ ጉዳቱን ብቻ ባወራ ግፍ ይሆንብኛል። ይሁንና ዲዲቲ ሥራውን ጨርሶ የሚጠፋ ነገር አይደለም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሰው እያለፈ በስብ ውስጥ ይከማቻል። ጅማ አካባቢ የተደረገ ምርምር በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር አግኝቶታል። አገራችን አዳሚ ቱሉ ላይ ራሷ ታዘጋጀው ነበር፤ ለወባ ተብሎ የወጣውም አፈንግጦ ወደ ጫትና ወደ አትክልት ማሳ ሲገባ ኖሯል። በወባ ርጭት ላይ በሌላ መድኃኒት የተተካው 2001 ዓ.ም. ግድም ነው።

መርዝ ወደ አገራችን የገባው ለወባ ብቻ አይደለም፤ አሁን ወደ አንበጣው እንለፍ።

አንበጣ ተነሣ፣ ተምች ወረደ፣ ግሪሳ ሰፈረ በተባለ ቁጥር መንግሥት መርዝ ይገዛል፤ ለጋሽ አገሮችም ይሰጣሉ። አንበጣ ግን አይጠብቅም። በርሜሉ ተጭኖ እስኪደርስ መንጋው ሌላ አገር ገብቷል። በርሜሉ መጋዘን ይገባል። የዓመቱ ሲቀር ለከርሞ ይባላል፤ ከርሞም ሌላ ይጨመርበታል። ጣራው ያፈሳል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይላጣል። ዘበኛው ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም፤ አዲስ የተሾመው ኃላፊም አያውቅም። አንዱ ለአንዱ የሚያስረክበው ቁልፉን ብቻ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ሲጠራቀም ቆይቶ በ1991 ዓ.ም. ሲቆጠር 1,152 ቶን ጊዜው ያለፈበት መርዝ ተገኘ፦ ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴን፣ ሊንዴን፣ ማላታዮን። ማንሣት ሲጀመር ደግሞ ከተቆጠረውም በላይ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የት ይወገድ? ወንዝ ውስጥ አይደፋ ነገር ሕዝብ ይጠጣዋል። ጉድጓድ ተቆፍሮ አይቀበር ነገር በርሜሉ በስብሶ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይበክላል። በተራ እሳት አይቃጠል ነገር ጭሱ ከመርዙ የባሰ መርዝ ይወልዳል። የሚያጠፋው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚነድ፣ ጭሱንም የሚያጣራ ምድጃ ነው፤ እንዲህ ያለ ምድጃ በአገራችን አልነበረም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) አስተባበረ፤ ለጋሾች ገንዘብ አዋጡ፤ ኤኮኬም የሚባል የፊንላንድ ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሠልጥነው፣ ጭንብል አጥልቀው፣ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው መጋዘን ለመጋዘን ዞሩ። በላቦት እየታጠቡ የሚፈስሰውን ዕቃ እያነሡ በአዲስ በርሜል አሸጉ፤ የረገፈውን ዱቄት ጠረጉ፤ በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንደገና ጻፉበት። መኪና፣ ከዚያ ወደብ፣ ከዚያ መርከብ። ሪሂማኪ በምትባል የፊንላንድ ከተማ ባለው ምድጃ ተቃጠለ። በ1995 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ 1,500 ቶን ገደማ ከአገር ወጥቶ ነበር። ከአፍሪካ አገሮች መካከል እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ የሠራ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራ መኩራት ይገባናል፤ የእነዚያ ሠራተኞች ስም ግን ሲነሣ አልሰማሁም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

መርዝ ድንበር የሚሻገረው በሕግ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኮኮ በምትባል የናይጄሪያ የወደብ ከተማ ከጣሊያን የመጣ በሺዎች የሚቆጠር በርሜል መርዛም ቆሻሻ በአንድ ሰው ግቢ ተከምሮ ተገኘ። አፍሪካ ተቆጣች። በዓመቱ የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ አደገኛ ቆሻሻ የሚልክ አገር ለተቀባዩና ለሚያልፍበት አገር አስቀድሞ ሳያስታውቅና ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይልክ የሚያስገድድ ነው። የአፍሪካ አገሮች ይህም አልበቃንም ብለው በ1983 ዓ.ም. ባማኮ ላይ ጨርሶ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ የሚከለክለውን ስምምነት አደረጉ። ኢትዮጵያ በባዝል ስምምነት የገባችው በ1992 ዓ.ም. ነው። የእኛ በርሜሎች ወደ ፊንላንድ የተሻገሩት በዚሁ ሕግ ነው።

የአገር ውስጡ ሕግ ደግሞ ከላይ ይጀምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ፤ የበከለ ሰው ያጸዳ፣ ለማጽዳቱም ይክፈል አለ፤ አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨት፣ ማስቀመጥ፣ ማጓጓዝ፣ ማስወገድ ከለከለ። በ2002 ዓ.ም. የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ተከተለ፤ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ አይግባ፣ አይሸጥ አለ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 መጣ። እንግዲህ ሕግ የለም የሚል ካለ ይኸው ቆጠርኩለት።

አሁን ወደ ማሳው ውረዱልኝ።

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ጅግናና ሻጋ ላይ ሞከሩት፤ ሩዝ ውሃ የሚተኛበትን መሬት እንደሚወድ ታየ። ዛሬም ድረስ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዘር ከዚያ ዘመን ይዞት የቀረው ነው። የከብቱ ሜዳ የእህል ሜዳ ሆነ። ወረታ የሩዝ ከተማ ሆነች፤ መፈልፈያው በዛ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ ተተከለ። ሩዙ ሲነሣ ርጥበቱ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በርብና በጉማራ ዳር ደግሞ ሞተር ተተክሎ ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ገበሬው ልጁን ያስተማረበት፣ ጎጆውን በቆርቆሮ የከደነበት ሽንኩርት ነው። ይህን ሥራ የሚነቅፍ ከእኔ አይደለም።

ሽንኩርት ግን ያለ ርጭት አይሆንለትም። ትሪፕስ የምትባል ከዓይን የምታመልጥ ነፍሳት ቅጠሉ ሥር ገብታ ታነጣዋለች፤ ሻጋታውም አለ። ገበሬው ይረጫል፤ ካልሞተችለት ይደግማል። ሩዙና ጤፉ ላይ ደግሞ ቱፎርዲ አለ፤ አረሙን ያደርቃል፤ ነፋስ ሲወስደው የጎረቤትን ጎመን ሳይቀር ያጠወልጋል። አበባ ላይ ሲረጭ ንብ ይሞታል፤ ባለ ቀፎና ባለ ማሳ የሚቀያየሙበት ነገር ሆኗል። አንዳንዱ መርዝ የተመዘገበ ነው፤ አንዳንዱ በኮንትሮባንድ የገባ፣ ጽሑፉ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። በጠርሙሱ ክዳን ይለካል፤ በእንጨት ይማሰላል፤ መርጫው ከቦዩ በተቀዳ ውሃ ይሞላል። ጓንት የለም። ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያሰረ ተጠንቅቋል ይባላል።

ርጭቱ ካለቀ በኋላ ባዶው ጠርሙስ እጅ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። በባዝል ስምምነት ዝርዝር ውስጥ መርዝ የቀረበት ባዶ ዕቃ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው። አሸዋ ላይ የተጣለች የአንድ ሊትር ጠርሙስ በሕግ ዓይን ከመጋዘኑ በርሜል ጋር አንድ ወገን ናት። ገበሬው ምን ያድርጋት? አንዱ ቦዩ ዳር ይጥላታል። አንዱ ከሽንኩርቱ ገለባ ጋር ያቃጥላታል፤ ጭሱን ልጆቹ ይምጉታል። አንዱ ታጥባ ዘይት ትያዝ፣ ጋዝ ትያዝ ብሎ ቤት ይወስዳታል፤ ጠርሙስ ውድ በሆነበት አገር ይህን ያደረገ ሰው ክፉ አይደለም። አንዱ በተነገረው መሠረት ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራታል።

ምክሩ በሌላ አገር ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ፎገራ ላይ ግን ይህን መቅበር እሞግታለሁ። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ያወርዳል። በክረምት አብጦ ይዘጋና ውሃውን ከላይ ያስተኛዋል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው፤ የጓሮ ጉድጓድ ብዙ ሳይቆፈር ያፈልቃል። የጠርሙሱ ጉድጓድና የመጠጡ ጉድጓድ በአንድ አፈር ውስጥ ጎረቤት ናቸው። በዚያ ላይ ጎርፉ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ከዳራቸው ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጎርፍ ማሳውን፣ ጓዳውን፣ ሱቁን፣ ቆሻሻ መጣያውን አንድ ላይ አጥቦ ነው ጣና የሚገባው።

ጣና ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንቁላላቸውን ለመጣል በርብና በጉማራ ወደ ላይ ይወጣሉ። መርዙ ታጥቦ በሚወርድበት ወራት እነርሱ በዚያው መንገድ ሽቅብ ይገናኙታል። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማፍዘዝ የቆየ ልማድ ነው፤ የዓሣ ሀብት ሕጉ በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደውን ግን ማን ይከልክለው? በወለላና በሸሸር ረግረጋማ ቦታዎች ላይ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ሽመላ መሰል ረጃጅም ወፎች ያርፋሉ፤ ያ ረግረግ ራሱ እየተጠነፈፈ ወደ ማሳነት ተለውጦ ተመናምኗል። ጣናን ስለወረረው የእምቦጭ አረም ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያን አረም ያሰባው ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ ጭምር ነው፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው።

የወረታን ጋራዥ ሳልጠቅስ አላልፍም። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገጥምባት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ከገጠር ለጥገና የሚመጣው የውሃ ሞተር ዘይት ይቀይርባታል። የተቃጠለ ዘይትም በባዝል ዝርዝር ውስጥ ያለ አደገኛ ቆሻሻ ነው። ጥቂቱ ለአጥር እንጨት መቀቢያ ይሸጣል፤ የቀረው መሬት ይጠጣዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ አዋጅ ባለበት ጠርሙሷ ለምን ቦይ ዳር ተገኘች? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አዋጆቹ ሲጻፉ በጸሐፊው ዓይን ፊት የነበረው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ በር አለው፤ ቱቦ አለው፤ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ፈቃድ አምጣ ሊባል ይችላል። የፎገራ ብክለት ግን በር የለውም። በየግማሽ ሄክታሩ አንድ ሰው፣ አንድ መርጫ፣ አንድ ጠርሙስ ነው። ሩብ ሊትር የረጨ ገበሬ አደገኛ ቆሻሻ የማመንጨት ፈቃድ ያውጣ ቢባል የሚስቅ እንጂ የሚታዘዝ አይገኝም። ስለዚህ ሸክሙ መጫን ያለበት ገበሬው ላይ ሳይሆን ሻጩና አስመጪው ላይ ነው፤ እነርሱ ጥቂት ናቸው፤ ስማቸውም ይታወቃል፤ ፈቃዳቸውም በመንግሥት እጅ ነው።

ይህ ከልቤ የፈጠርኩት አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ገበሬው ባዶውን ዕቃ በገዛ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመልስ፣ ሻጩ የመመለሻውን ቦታ በደረሰኙ ላይ ጽፎ እንዲሰጥና እንዲረከብ፣ አምራቹ ደግሞ ሰብስቦ እንዲያስወግድ አዘዘች። ዛሬ በዚያች ሰፊ አገር አብዛኛው የፀረ-ተባይ ፕላስቲክ ዕቃ ይመለሳል። 

ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ የሚባለውንም እንጨምርበት። ጠርሙሱ እንዳለቀ ሩቡን ያህል ውሃ ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በደንብ ንጦ ውሃውን መልሶ መርጫው ውስጥ መገልበጥ፤ ይህን ሦስት ጊዜ መድገም፤ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ሥሩን መብሳት። እጣቢው ማሳው ላይ ይረጫል፤ ገበሬው በገንዘቡ የገዛውን ሳያባክን ይጠቀምበታል። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚሉት በሚገባ የታጠበ ዕቃ ከአደገኛ ቆሻሻ መደብ ሊወጣ ይችላል። የጠርሙሱ ሕጋዊ ማንነት ራሱ በሦስት እጥበት ይለወጣል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ቢያሳይ ይበቃል። ቀጥሎ የታጠበው የሚጠራቀምበት የተቆለፈ የሽቦ ቤት በየቀበሌው ይሠራ፤ ያውም ጎርፍ በማይደርስበት ጉብታ ላይ፤ ሥራውም ርብ ሳይሞላ፣ ከሰኔ በፊት ይለቅ። መርዝ የሚሸጠው ሱቅና ማኅበር ለዚያ ይክፈል።

ይህ ካልሆነ ግን ተራው ሰው ምን አቅም አለው? አለው። አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም ተነክቶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። ማሳ የሌለው አስተማሪ ይችላል፤ ጀልባ ብቻ ያለው ዓሣ አጥማጅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የሞከሩትም አሉ። አፓፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ በሩ ተዘግቷል ብሎ ደመደመ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንቀጽ 11 ዛሬም በቦታው አለ፤ ክሱ ያነጣጠረውም በባለሥልጣኑ ላይ እንጂ ወንዙን በበከለው ላይ አልነበረም። ያልተመዘገበ መርዝ በሚሸጥ ሱቅ ላይ፣ ዘይቱን ቦይ ውስጥ በሚደፋ ጋራዥ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሌላ ጉዳይ ነው።

አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። ቦታው ከነቀበሌው፣ ነገሩ የታየበት ቀን፣ ምን እንደተጣለ ወይም እንደፈሰሰ፣ የማን ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ቦይ ወይም ወንዝ እንደሚደርስ፤ ፎቶ ካለ ፎቶው። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ መዝገብ ቤት ሲገባ ቀን ተጽፎና ማኅተም ተደርጎ አንዱ ቅጂ ለአመልካቹ ይመለስለት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው በዚያ ማኅተም ነው።